ስድስት ደቂቃ የጎደለው አልበም

ኒምራ ታላታ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ በአንድ የቆርቆሮ ግድግዳ የሚለያዩ ሁለት ሱቆች አሉ። የግራው የበድሉ ነው። ቴፕ ይጠግናል፣ ስፒከር ይጠግናል፣ ስልክም ኢንቨርተርም ከመጣ አይመልስም። የቀኙ የተሻለች ነው። የተማሪ ዩኒፎርምና የመዘምራን ጋዎን ትሰፋለች። ቆርቆሮው ስስ ነው። እሷ ዘንድ መቀስ ሲወድቅ እሱ ዘንድ ይሰማል፤ እሱ ዘንድ ዘፈን ሲከፈት እሷ ዘንድ የልብስ ቁልፍ ጣሳው ይንጫጫል።

አምስት ዓመት ተጎራብተዋል። በድሉ ስለ ጎረቤቱ የሚያውቀው ለጉርብትና የሚበቃውን ያህል ነው። ጴንጤ ናት፣ ብቻዋን ትኖራለች፣ ልኳ አይሳሳትም። ድምፅ ግን የላትም። ከሦስት ዓመት በፊት እንቅርቷን በቀዶ ሕክምና ስታስወጣ ድምጿ አብሮ ሄደና ሹክሹክታ ብቻ ቀረላት። ደንበኛ ሲመጣ ጆሮውን ወደ አፏ ያስጠጋል። የቸኮለ የቦዳቦዳ ሞተር ታክሲ ነጂ ከሆነ ግን ጊዜ የለውም፤ ያን ጊዜ በመቀሷ ቆርቆሮውን ትመታለች። አንድ ከሆነ ሰኞ፣ ሁለት ከሆነ ማክሰኞ። አራቴ ስትመታ በድሉ ካቻቢቴውን ሳያስቀምጥ፣ «ሱሪህ ሐሙስ ይደርሳል ትልሃለች!» ብሎ ከወዲህ ይጮህላታል።

ከሕክምናው በፊትም ቢሆን ስታንጎራጉር ሰምቷት አያውቅም። የመዘምራኑን ልብስ በሙሉ የምትሰፋ ሴት፣ ጉባኤው ተነሥቶ ሲዘምር አፏን ዘግታ ትቆማለች ብላ ሚስቱ ነግራዋለች። በድሉ ግድ አልሰጠውም። የሰው አፍ የሰው ነው።

ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የበድሉ ሱቅ ችሎት ይሆናል። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱ ራሱ በድሉ፣ ሁለተኛው በወንዙ ወደብ ጭነት የሚቆጥረው ዪየን፣ ሦስተኛዋ ነርሷ ናንሲ። ዪየንና ናንሲ ጋምቤላም አዲስ አበባም አድገው የተመለሱ ናቸው፤ ሲጣሉ በአማርኛ ነው። የዪየን ሟች ወንድም አንድ የብረት ሳጥን ሙሉ ካሴት ትቶ ነበርና፣ ሳጥኑ ከማላካል በጀልባ ከመጣ ወዲህ ጨዋታው ተጀመረ። ሕጉ ቀላል ነው። የሚቀርበው በጊዜው ከተማ ያናወጠ፣ ገና ሳይወጣ የተወራለት አልበም ብቻ ነው። ሁለቱም ፊት ሳይዘለል ይሰማል። አልበሙ ዛሬም ይደመጣል ያለ ጠረጴዛውን አንዴ ይመታል፤ የለም ያለ «ካላስ!» ይላል። አብዛኛው ይወድቃል። «ጩኸቱ የሻጩ ነበር» ይላል በድሉ። «ካሴት ብቻውን ሲቀር ነው የሚታወቀው።»

በዚያ ቅዳሜ ዪየን ከበሩ ጀምሮ እየሳቀ ገባ።

«ሰላም ታኩም! ዛሬ የያዝኩት ጉድ ነው።»

ሽፋኑ ላይ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ሴት አለች፤ እርጥበት ፊቷን በልቶታል። ስሟ ውብዓለም፣ አልበሙ «ሐምሌ ሳይገባ»።

«እናቴ ትሙት፣ ይቺን አውቃታለሁ!» አለች ናንሲ። «ፖስተሯ ያልተለጠፈበት የመብራት እንጨት አልነበረም። ስድስት ወር ሙሉ እየመጣች ነው፣ እየመጣች ነው ተባለላት። ከመጣች በኋላ ግን የገባችበትን ያየ የለም።»

«ወንድሜ ሦስት ሰዓት ተሰልፎ ገዛት» አለ ዪየን። «በሳምንቱ ሳጥን ውስጥ ወረወራት።»

በድሉ ካሴቱን ተቀብሎ አገላበጠው። ታችኛው ጥግ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ አለች። አውራ ጣቱን ጣል አደረገባት። የቴፑን ራስ በአልኮል ጠረገ፣ የላላውን ክር በእርሳስ አጠነጠነ፣ ካሴቱን ከተተ።

ዘፈኑ እየተጣደፈ ወጣ። የሴቲቱ ድምፅ ቀጭን ነው፤ ትንፋሽ ሳትወስድ ቃል በቃል ላይ ትደርባለች።

«ባቡር አመለጣት እንዴ?» አለ ዪየን።

«ግልገል ናት» አለች ናንሲ። «እናቷ የጠፋባት የፍየል ግልገል።»

ሁለቱም ፊት አለቀ። «ካላስ!» አለ ዪየን፣ «ካላስ!» አለች ናንሲ። በድሉ ከመናገሩ በፊት በሩ ላይ ጥላ ቆመ። ተሻለች ናት። በአምስት ዓመት አንድም ቅዳሜ ደፍ ረግጣ አታውቅም፤ የዓለም ዘፈን አትሰማምና።

«ማማ ተሻለች! ነይ አንቺም ፍረጂ» አላት ዪየን።

«ተፈረደባት?» አለች በሹክሹክታ።

«ፍየል ሆና ተገኘች።»

ተሻለች ሽፋኑን ከጠረጴዛው አንስታ ትንሽ አየችው። መልሳ አስቀመጠችውና ወጣች። የዚያን ቀን የስፌት መኪናዋ ድምፅ ከዚያ ወዲያ አልተሰማም።

ሰኞ ጠዋት በድሉ ሱቁን ሲከፍት በሩ ላይ ስትጠብቀው አገኛት።

«አንተ ባለሙያ ነህ፤ እውነቱን ትነግረኛለህ» አለችው። ጆሮውን አስጠጋ። «ያን ያህል መጥፎ ነበርኩ?»

አልገባውም። እሷም በእርጋታ፣ የልኬት ቁጥር እንደምታስጽፍ ሁሉ፣ አንድ በአንድ ነገረችው። ውብዓለም እሷ ናት። ስሙን ያወጣላት አሳታሚው ነው፤ ተሻለች ተብላ ማን ይገዛታል ብሎ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። አልበሙ ወጥቶ ከሱቅ ደጅ ስትሰማው ይሄ እኔ አይደለሁም ብላ ሮጣ አሳታሚው ዘንድ ሄደች። እሱም፣ «ሰው የራሱን ድምፅ ከቴፕ ሲሰማ ይደነግጣል፤ የሁሉም ልማድ ነው» አላት። አመነችው። ወሩ ሳይሞላ የታክሲ ረዳት ሳይቀር ድምጿን እየኮረጀ ያላግጥባት ጀመር። ጌታን ካገኘች በኋላ መጋቢው ለመዘምራን ሲጠራት፣ ሕዝብ ድምፅ የለሽም ብሎ ፈርዶብኛል ብላ ቀረች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አፏን ለዜማ አልከፈተችም።

«ቅዳሜ የናንተን ፍርድ የሰማሁት ከቆርቆሮው ወዲያ ቆሜ ነው» አለች። «ያ የድሮ ወሬ ነው፣ ጊዜ ያልፍበታል፣ ምናልባት እነዚህ ደግ ይሉኛል ብዬ ነበር። እንግዲህ ንገረኝ።»

በድሉ የሱቁን ቁልፍ ከበሩ ነቀለ። «እስከ ቅዳሜ ጊዜ ስጪኝ እህቴ» ብቻ አለ።

ያቺን ሰማያዊ ነጥብ ያደረጋት እሱ ነው። በሃያ ዓመቱ መርካቶ ካሴት የሚያባዛ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። በማባዣው ክፍል እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ቀለም አለው፤ የተበላሸ ካሴት ሲመለስ ወደ ባለ ቀለሙ እንዲመለስ። ሰማያዊ የበድሉ ነው፤ ሰማያዊ ተመልሶ አያውቅም እያለም ይጎርር ነበር። የ«ሐምሌ ሳይገባ» ማስተር፣ ሌላው ሁሉ የሚባዛበት ዋናው ቅጂ፣ ሲደርስ ስድሳ ስድስት ደቂቃ ሆኖ ተገኘ። አለቃው ደግሞ ባለ ስድሳ ደቂቃ ባዶ ካሴት በብዙ ሺህ አስጭኖ ቆይቷል። አንድ ዘፈን ይቆረጥ ሲባል በድሉ እጁን አወጣ። «ሳይቆረጥ አስገባዋለሁ» አለ። ከማስተሩ ቴፕ ሞተር ጀርባ ባለችው ቀዳዳ ቀጭን ካቻቢቴ ከተተ፤ ብሎኗን ትንሽ ዞር አደረጋት፤ ማስተሩ ፈጠነ፣ ድምፁም ቀጠነ፤ ስድሳ ስድስቱ በስድሳ አለቀ። «እንዲያውም ሞቅ አለ!» አለ አለቃው፤ በማግስቱም አዲስ ጫማ ገዛለት። በድሉ ያንን ጫማ ለረጅም ጊዜ ተጫምቶታል። ከዚያ ወዲህ ግን የሠራውን ነገር አንድም ቀን አላሰበውም፤ ቅዳሜ ካሴቱን ሲያገላብጥ ነጥቧን እስኪያያት ድረስ።

ሊዋሽ ይችል ነበር። ፋሽን ተቀየረ፣ ሙዚቃ አቀናባሪው ነው ያበላሸሽ ቢላት ታምነዋለች። ሰኞና ማክሰኞን ይህንኑ ሲያወጣና ሲያወርድ ዋለ። ረቡዕ የቴፑን ዴክ ፈታ።

የካሴቱ አንድ ፊት አሁን የሚጫወተው ሠላሳ ደቂቃ ነው፤ ማስተሩ ሠላሳ ሦስት ነበር። ስለዚህ የራሱን ቴፕ አንዱ ፊት ሠላሳ ሦስት ደቂቃ እስኪፈጅ ድረስ ማዘግየት ነው። ብሎኗን ዞር አደረገና ሰዓት ይዞ ጠበቀ። ሠላሳ አራት ከሩብ። መለሳት። ሠላሳ ሁለት ተኩል። በሦስተኛው ልክ መጣለት። ድምፁን ዘግቶ ነው የለካው፤ ከእሷ በፊት መስማት ነውር መስሎት።

ቅዳሜ ሦስቱም ተሰበሰቡ። ተሻለች ከበሩ ጎን በርጩማ ላይ ተቀመጠች። በድሉ ለዪየንና ለናንሲ ማንነቷን አልነገራቸውም፤ እሷ አትንገር ብላዋለች።

«የወደቀች ሴት ድጋሚ ትከሰሳለች እንዴ?» አለ ዪየን።

«ዝም ብለህ ስማ።»

በድሉ ቴፑን ሲከፍት ድምፁ ወርዶ መጣ። ያ ግልገል የለም። የወጣው ወፈር ያለ፣ ሙሉ ድምፅ ነው፤ ቃሉን ሳይለቅ ትንፋሹን እስከ መጨረሻ የሚያደርስ፣ ቀስ ብሎ የሚጫንና ቀስ ብሎ የሚለቅ። ጭፈራ የመሰላቸው የመጀመሪያው ዘፈን ሙሾ ኖሯል፤ ሐምሌ ሳይገባ እመጣለሁ ብሎ የቀረ ወንድሟን ትጠይቅበታለች። ዪየን ኦቾሎኒ የያዘ እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ። ዓይኑ የወንድሙ ሳጥን ላይ ቀረ።

ናንሲ ግን ተሻለችን እያየች ነው። የተሻለች ከንፈር ይንቀሳቀሳል። እያንዳንዱን ቃል፣ እያንዳንዱን እረፍት በቦታው ታደርሳለች፤ ከጉሮሮዋ የሚወጣው ግን አየር ብቻ ነው። ናንሲ አንዴ ቴፑን፣ አንዴ እሷን አየችና አፏን በመዳፏ ያዘች።

የአንዱ ፊት ሠላሳ ሦስት ደቂቃ አለቀ። ዪየን ሁለተኛውን ፊት ሳይጠብቅ ጠረጴዛውን መታ። ናንሲም መታች።

«ይሄ ያኔ ለምን አልወጣም?» አለች ተሻለች ወደ በድሉ ዞራ። ክፍሉ ጸጥ ስላለ ሹክሹክታዋ ለሁሉም ተሰማ።

በድሉ ቀጭኗን ካቻቢቴ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ነጥቡን፣ ባዶ ካሴቶቹን፣ ብሎኗን ነገራት። ጫማውንም አልደበቀም። «አለቃዬ አላዘዘኝም፤ እኔ ነኝ ያሰብኩት» አለ።

ተሻለች የነጠላዋን ጫፍ አንገቷ ላይ ካለው ጠባሳ ገለል አደረገች።

«ሐኪሙ ከመቅደዱ በፊት ጠይቆኝ ነበር» አለች። «የድምፅሽ ጅማት ከእንቅርቱ አጠገብ ያልፋል፤ በድምፅሽ የምትሠሪበት ከሆነ ካምፓላ ሂጂ፣ ጅማቱን እያዩ የሚቀድዱበት መሣሪያ አለ አለኝ። ሳቅሁበት። የኔ ድምፅ ለማንም የማይረባ ነው፣ ዶክተር፣ እዚሁ ቁረጠው አልኩት።»

ውጭ አንድ ቦዳቦዳ ተነሥቶ ሄደ።

«ይቅር በይኝ» አለ በድሉ።

«ይቅር ማለትማ ግዴታዬ ነው፤ ጌታ አዞኛል» አለች ተሻለች ከበርጩማው እየተነሣች። «ግን ዛሬ አይደለም።»

በሩ ላይ ስትደርስ ቆመችና መለስ አለች። «በልኩ ቅዳልኝ። በዚህኛው ፍጥነት።»

በሳምንቱ ሜሞሪ ካርድ ላይ ቀዳላት፤ በወረቀትም «ተሻለች» ብሎ ጽፎ ለጠፈበት። ውብዓለም አላለም። ተቀብላው ወረቀቱን አነበበች፤ ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

ቅዳሜ ችሎቱ ቀርቷል። ዪየን ሁለቴ ሳጥኑን ይዞ መጣ፤ ሁለቴም ሳይከፍተው ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ። ያንን ዴክ በድሉ ወደ ድሮው ፍጥነት አልመለሰውም። ለሌላ ካሴት አይሆንም፤ ከመደርደሪያው ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል።

አንዳንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ ደንበኛ ሲሳሳ፣ ከቆርቆሮው ወዲያ የስፌት መኪናው ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ በድሉ ጄነሬተሩን ያጠፋል፣ የስታኞ መበየጃ ብረቱን ከሶኬት ይነቅላል፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ከካርዱ የከፈተችው ዘፈን በጣም ዝቅ ብሎ ይመጣል። ሰዓቱን አያይም፤ ሠላሳ ሦስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ ያውቀዋል። ሲያልቅ መኪናው ወዲያው አይጀምርም። እሱም ብረቱን ወዲያው አይሰካም።

ከዚያ መቀሷ ቆርቆሮውን ይመታል። በድሉ በየጊዜው ይቅርታዋ መስሎት ቀና ይላል፤ ይቅርታ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ግን አያውቅም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

«ቀሚስሽ ሐሙስ ይደርሳል ትልሻለች!» ብሎ ለደንበኛዋ ይጮህላታል።