በጥቅስ ምልክት ያጠርኩት ስም

በኬንያዋ ሞያሌ ሳይበር ቤት አለኝ። ፎርም እሞላለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ኢንተርኔት ላይ ጠፋ የተባለ ነገርም እፈልጋለሁ። በዚህ በመፈለጉ የሚስተካከለኝ የለም እያልኩ እመጻደቅ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ ቀን ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ኦዳ ትንሽ ሱቅ ያላቸው አንዲት ሴት በቦዳ ቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት መጡ። እትዬ ነው የምላቸው። ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ አብሯቸው የነበረው ታናሽ ወንድማቸው ካምፑ ሲዘጋ እንደተለያቸው ቀርቷል። የተጠፋፉ ዘመዶች የሚፈላለጉበት ድረ ገጽ እንዳለ ሰምተዋል።

«እዚያም ከሌለ አልቅሼ እርሜን አወጣለሁ» አሉኝ።

የድረ ገጹ ማስታወቂያ ብዙ ነው፤ አንድ በአንድ መግለጥ ደግሞ የጀማሪ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ፍለጋው ከዚያ ገጽ እንዳይወጣ «ሳይት» ብዬ፣ ሁለት ነጥብ አድርጌ፣ አድራሻውን አስከተልኩ። ከዚያ የወንድማቸውን ስም ከነአባቱ በላቲን ፊደል ጽፌ በጥቅስ ምልክት አጠርኩት። ስም እንዲህ ሲታጠር ማሽኑ ቃላቱን በዚያው ቅደም ተከተል ካላገኘ ምንም አያመጣም። አጻጻፉን ሦስት ጊዜ ቀያየርኩ። ምንም አላመጣም።

«ሀኩና?» አሉ እትዬ።

«ሀኩና፣ የለም።»

«እስቲ ለእኔ ብለህ በሌላ መንገድ ሞክርልኝ።»

ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል፣ ቤቱ ይሞቃል፣ እኔም ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። «እትዬ፣ ማሽን አይዋሽም» አልኳቸው።

ሳምንት ሳይሞላ ለቅሶ ተቀመጡ። እኔም እንደ ደግ ጎረቤት ሄጄ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ንፍሮ በላሁ።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ሹፌር የመንጃ ፈቃድ ፎርም ሊያስሞላ መጣ። ፎርሙ የሚጀምረው በሰርኔም ነው። እጄ ለምዶታልና የአባቱን ስም አስቀድሜ ጻፍኩ። ያን ጊዜ ነው ስህተቴ የገባኝ። ኬንያ የከረመ ሐበሻ ወረቀቱ ሁሉ የአባት ስም ከፊት ነው፤ ስንቱን በገዛ ጣቴ እንደዚያ ሞልቻለሁ። የእትዬን ወንድም ግን አገር ቤት እንደምንጠራራው፣ የራሱን ስም አስቀድሜ አጠርኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የእሳቸውን ዕንባ ነው፣ ያ ደግሞ አይለቀምም።

ሹፌሩን ትቼ የጥቅስ ምልክቱን አነሳሁና የእትዬን ወንድም ስም እንደገና ፈለግሁ። የመጀመሪያው ውጤት እሱ ነበር። ሞምባሳ ነው ያለው፤ እህቱን እየፈለገ ስልክ ቁጥሩን አስቀምጧል። ማስታወቂያው እትዬ እኔ ጋ ከመጡበት ቀን በፊት የወጣ ነው።

ወዲያው ቦዳ ቦዳ ይዤ ኦዳ ሄድኩ። እትዬን ሱቃቸው በር ላይ ጥቁር እንደለበሱ አገኘኋቸው። «ወንድምዎ ተገኝቷል» ብዬ ደወልኩና ስልኩን ሰጠኋቸው። ድምፁን እንደሰሙ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ፤ በልጅነት ስሙ እየጠሩ አለቀሱ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

ሲጨርሱ እጄን ይዘው መረቁኝ። ልጆቼን ሳይቀር መረቁልኝ። ከዚያ ጥቁር ነጠላቸውን ከትከሻቸው እያወረዱ ጠየቁኝ።

«ያን ዕለት የተሳሳተው ማሽኑ ነው አይደል፣ ልጄ?»

እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

«አዎ፣ እትዬ» አልኩ። «ማሽኑ ነው።»