አይቼዋለሁ ያልኩትን ሐይቅ ለማየት

ከቢቸና የተነሳሁት በጥቅምት አጋማሽ፣ አርብ ማለዳ ነው። ርዕሰ መምህራችንን የአንድ ቀን ፈቃድ ስጠይቃቸው ምክንያቱን «ጉብኝት» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ሰው ፈቃድ የሚጠይቀው ለለቅሶ፣ ለሠርግ ወይም ለሐኪም ነው። አንተ ቱሪስት ልትሆን ነው?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ፈርመው ሰጡኝ፤ ግን በሩን እስክዘጋ ድረስ በዓይናቸው ሸኙኝ።

እውነተኛውን ምክንያት የነገርኩት ለባለቤቴ ለጥሩወርቅ ብቻ ነው። ከአንባቢም አልደብቅም። ቢቸና ላይ ኅብረተሰብ ሳይንስ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ጣናን በጥቁር ሰሌዳ እሥላለሁ፤ ሐይቁን በሰማያዊ ጠመኔ፣ ዓባይን ደግሞ ከአንዱ ዳር ገብቶ በሌላው በሚወጣ ነጭ መስመር። «ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል» እላለሁ፤ እኔም የተማርኩት እንደዚያ ነው። በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ አይተውታል?» ሲለኝ «አዎ፣ በጀልባ ሆኜ አይቼዋለሁ» አልኩ። አፌ ቀደመኝ። ከዚያ ወዲህ ውሸቱ ከትምህርቱ ጋር አብሮ ይሰጣል። ቆይቶ ጀልባዋ ቀለም ሁሉ አወጣች፤ «አረንጓዴ ነበረች» እላለሁ።

ዘንድሮ ሰላማዊት መጣች። አባቷ በመንግሥት ሥራ ከባሕር ዳር ስለተዛወረ ስድስተኛ ክፍል እኔ ዘንድ ገባች። ያንን ነጭ መስመር ስሥል እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የእኛ ቤት ሐይቁ ዳር ነበር። መስመር የለውም።»

«እኔ በዓይኔ ያየሁትን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» አልኳት። ልጆቹ ሳቁ። በዕረፍት ሰዓት «መስመር የለውም፣ መስመር የለውም» እያሉ በግቢው ሲያሳድዷት በመስኮት አየሁ። ወጥቼ አልከለከልኳቸውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላማዊት እጇን አውጥታ አታውቅም። ስሟን ጠርቼ ስጠይቃት ትነሳለች፣ «አላውቅም» ትላለች፣ ትቀመጣለች። ደብተሯን ሳርም ግን ሁሉንም ታውቀዋለች። አምስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ፤ እኔም ወደ እሷ ዴስክ ማየት አቃተኝ።

ስለዚህ ሄጄ ልየው አልኩ። መስመሩ ካለ እፎይ እላለሁ፤ ከሌለ ግን ምን እንደማደርግ አላሰብኩበትም ነበር። ጥሩወርቅ ስንቄን አስይዛ እስከ በር ሸኘችኝና «የዚያችን ጀልባ ቀለምም አብረህ አጣራ» አለችኝ።

ከቢቸና እስከ ሞጣ

አውቶቡሱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል ተብሎ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነቃነቀ። እስከ ሞጣ ሠላሳ አምስት ብር ከፈልኩ። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ኮረኮንቹ ሲብስ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ከጣሪያው ጋር ይተዋወቃሉ። እኔ በመስኮት በኩል ነበርኩ። በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ አንድ ቀን ግን ለማየት ብዬ አይቼው አላውቅም። ጤፉ ራስ አውጥቶ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል። በየእርሻው ድንበር የመጨረሻው አደይ አበባ ቆሟል። በግራ በኩል ጮቄ ደመናውን ተከናንቦ አብሮን ይሄዳል። ለጉብኝት የወጣ ሰው ዓይን ሌላ መሆን አለበት፤ የገዛ አገሬን እንደ እንግዳ አየሁት።

ደብረ ወርቅ ላይ አንድ የቅኔ መምህር ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። ነጭ ጥምጥም፣ በጉልበታቸው መሐል የቆመ ጥቁር ዣንጥላ። ለእሑድ ማኅሌት ወደ ሞጣ መሄዳቸው ነው።

«ወዴት ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ባሕር ዳር ነው የኔታ፤ ጣናን ልጎበኝ።»

«ዘመድ አለህ እዚያ?»

«የለኝም። ለማየት ብቻ ነው።»

«ደግ አደረግህ። ወርኃ ጽጌ አይደል? በዚህ ወር ቤቱ የሚቀመጥ ሰው ዓይኑን በደለ።»

ጥቂት እንደሄድን አላስችል አለኝ። «የኔታ፣ ዓባይ ጣናን ሳይቀላቀል ያልፋል ይባላል» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ።»

«አይተውታል?»

ዞረው አዩኝ። «ሰምቻለሁ አልኩህ እኮ። ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ ነው የምለው። ተማሪዎቼ የሚያምኑኝም ለዚሁ ነው።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ። እሳቸው ስለ እኔ ምንም አያውቁም፤ እኔ ግን ከጉንደ ወይን እስከ ሞጣ አንገቴን ቀና አላደረግሁም።

ሞጣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። መነኸሪያው በር ላይ የባቄላ እሸት የምትሸጥ ሴት አገኘሁና በሁለት ብር ገዛሁ። ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። «ባሕር ዳር? እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አረጀሁ። ሰው ሁሉ በደጄ ያልፋል፤ ምን እንደሚመስል ግን የሚነግረኝ የለም። ሲመለሱ ይነግሩኛል?» አለች። «እነግርሻለሁ» ብዬ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ባሕር ዳር፣ አርብ ከሰዓት

ከአዴት ወዲያ ኑጉ ፈክቷል። እንዲህ ያለ ቢጫ ቢቸና ላይ አላውቅም፤ ከመንገዱ ጠርዝ እስከ ኮረብታው ድረስ አንድ ሆኖ ተዘርግቷል። ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ዝም ብሎ ይነዳል። ሰው እንዴት በዚህ መሐል ዝም ብሎ ይነዳል ብዬ ተናደድኩበት።

ከተማዋ ስንገባ ስምንት ሰዓት ሆኗል። በሰባ ብር አልጋ ያዝኩና ቦርሳዬን ጥዬ ወጣሁ። ሰፊው አስፋልት መሐሉ ላይ ዘንባባ ተተክሎበታል። ብስክሌቱ ብዛቱ! ቀሚስ የለበሱ ሴቶች፣ ከረባት ያሰረ ሽማግሌ፣ ዳቦ በጆንያ የጫነ ጎረምሳ፣ ሁሉም በብስክሌት። በየአጥሩ ላይ ስማቸውን የማላውቃቸው ቀይና ወይን ጠጅ አበቦች ወደ መንገዱ ተንጠልጥለዋል። ክረምቱ ያጠበው ቅጠል ሁሉ ያበራል። እንደ ገጠሬ አፌን ከፍቼ ስሄድ ሁለት ባጃጆች ጡሩንባ ነፉብኝ።

ዘንባባውን ተከትዬ ወረድኩ፤ መንገዱ አለቀ፤ ጣና ነበር።

አሥራ አራት ዓመት በሁለት መዳፌ ልክ ስሥለው የኖርኩት ሐይቅ ማዶ የለውም። እኛ የገደል አገር ሰዎች ነን። ከቢቸና በስተምሥራቅ ካለው ገደል አፋፍ ሆኖ የዓባይን ሸለቆ ያየ ሰው፣ ጥልቀቱ ቢያስፈራውም ማዶውን ያየዋል፤ ማዶ የወሎ ተራራ አለ። እዚህ ግን ውሃው ሄዶ ሄዶ ከሰማይ ጋር ይገጥማል። ነጫጭ ወፎች ተንሳፍፈው ይመጣሉ፣ ማዕበሉ ድንጋዩን ይመታል፣ ንፋሱ የውሃ ሽታ አለው። ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አጠገቤ ፎቶ የሚነሱ ሙሽሮች ነበሩ፤ ምን ነካው ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ ትንሽ ራቅ አሉ።

ቅዳሜ፣ ውሃ ላይ

ጠዋት ወደ ዘጌ ከሚሄዱ አምስት ጎብኚዎች ጋር ተዳብዬ ጀልባ ተሳፈርኩ፤ ድርሻዬ መቶ ብር ሆነ። ጀልባዋ ነጭ ናት። ቀዛፊው፣ ቀዛፊ ልበለው እንጂ ሞተር ነው የሚነዳው፣ ካሳሁን ይባላል፤ ሃምሳን ያለፈ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ሰው። ሌሎቹ ስለ ገዳማቱ ሥዕል ሲያወሩ እኔ ከጀልባዋ ጠርዝ ተደግፌ ውሃውን ብቻ አያለሁ።

«መምህር፣ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ። መምህር መሆኔን አልነገርኩትም ነበር፤ ጃኬቴ ላይ ጠመኔ ሳይኖር አልቀረም።

«ዓባይ ያልፍበታል የሚባለውን መስመር እየፈለግሁ ነው።»

አልሳቀብኝም። «እኔ ያደግሁት ግልገል ዓባይ ወደ ሐይቁ የሚገባበት አካባቢ ነው። አባቴ ከደንገል ሣር በታሰረ ታንኳ ዓሣ ያጠምድ ነበር። ክረምት ላይ ወንዙ ቀይ ሆኖ ይገባል፣ ይታያል፤ ጥቂት ሄዶ ይበተናል። ከዚያ ወዲያ ይሄ ዓባይ ነው፣ ይሄ ጣና ነው ብሎ የሚለይልኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። አባቶች ሲሉ ሰምቻለሁ። ዓይኔ ግን አላየም።»

«መስመር የለውም» አልኩ።

«የለውም መምህር።»

ገዳሙን ተሳልመን፣ ሥዕሉን አይተን ስንመለስ ካሳሁን ሌሎቹን አስፈቅዶ «ሲወጣ ያለውን ላሳይዎት» ብሎ ጀልባዋን ወደ ዓባይ መውጫ አዞረልኝ። ግራና ቀኝ ደንገል ቆሟል። ሞተሩን አጠፋ። ጸጥ ሲል፣ ማንም ሳይነካት ጀልባዋ መሄድ ጀመረች። እጄን ውሃው ውስጥ ከተትኩ፤ ቀስ ብሎ ይጎትተኛል። ሐይቁ የት ላይ አልቆ ወንዙ የት ላይ እንደጀመረ ልለይ ብል አልቻልኩም። ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ እንደዚህ ነው፤ ቆሞ የነበረው ሁሉ ሳይገፋፋ ወደ በሩ ያዘነብላል። ያ ከቤታችን በስተምሥራቅ፣ ከገደሉ ሥር የሚያጓራው፣ ልጅ ሆነን የምንፈራው ዓባይ፣ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ከዚህ ይነሳል! ሁሉንም ወንዞች ተቀብሎ፣ ቀላቅሎ፣ አንድ አድርጎ ይወጣል። እኔ በጠመኔ ያሠመርኩት ከዚህ ጋር ሲተያይ ምን ያህል ትንሽ ነገር ነበር። ደነቀኝ፤ አፈርኩም። ሁለቱም አብረው መጡብኝ።

ጀልባዋ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ካሳሁን ሂሳቡን ተቀብሎ «ለተማሪዎችዎ የሚነግሩት አገኙ» አለኝ። «አገኘሁ» አልኩት።

እሑድ፣ መመለሻ

ሞጣ ላይ እሸት ሻጯ ከቦታዋ አለች። አልረሳችኝም። «እሺ፣ ምን ይመስላል?» አለችኝ። ማዶ እንደሌለው፣ ሴቶቹ በብስክሌት እንደሚሄዱ፣ ጀልባዋ በራሷ እንደተንቀሳቀሰች ነገርኳት። «በዓይንዎ አይተው?» አለች። «በዓይኔ አይቼ» አልኳት። ከዚያ የመጀመሪያ ውሸት ወዲህ ይህን ቃል ሳልሸማቀቅ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ደግሜ የገዛኋትን እሸት ዋጋ አልቀበልም ብላ አስጨነቀችኝ።

ቢቸና ስደርስ መሽቶ ነበር። ጥሩወርቅ እግሬን ሳላሳርፍ «ቀለሟስ?» አለች።

«ነጭ ናት።»

«ነገ ምን ልትል ነው?»

«ያየሁትን አየሁ፣ ያላየሁትን አላየሁም እላለሁ።»

«ድፍረቱን ይስጥህ» አለችና እራት አቀረበች።

ሰኞ

ስድስተኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳውን ጠረግሁ። ሰላማዊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት፤ እጇ ከዴስኩ ሥር። «ስለ ጣና ያስተማርኳችሁን አስተካክላለሁ» አልኩ። «ጣናን አይቼዋለሁ ያልኳችሁ ውሸት ነው። ያየሁት ባለፈው አርብና ቅዳሜ ነው። መስመር የለውም። ሰላማዊት ያለችው ልክ ነበር። እኔ አሳፈርኳት፣ እናንተም ሳቃችሁባት፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። ሰላማዊት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

 ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ አረንጓዴዋ ጀልባስ?» አለ።

«እሷም የለችም።»

«ሌላስ አይተው የማያውቁት ያስተማሩን ምን አለ?»

«ብዙ አለ» አልኩ። «ባሕር አላየሁም። በረሃ አላየሁም። ከዛሬ ጀምሮ ያየሁትንና የሰማሁትን ለይቼ እነግራችኋለሁ።» ጉዞው ያስተማረኝ ይኸው ነው፤ ከዚያ ሁሉ ውበት ጋር ያመጣሁት ይህችን ነው። ክብሬ የሚወድቅ መስሎኝ ነበር። ልጆቹ ግን ደብተራቸውን ገልጠው ጠበቁኝ።

ያኔ ሰላማዊት እጇን አወጣች። ከፍ አላደረገችውም፤ ክርኗ ዴስኩ ላይ ነው፣ ጣቷ ብቻ ቆሟል።

«ቲቸር፣ እኔም የሚገባበትን አላየሁም። የማውቀው የሚወጣበትን ብቻ ነው።»

ሰማያዊውን ጠመኔ ዘረጋሁላት። «የምታውቂውን ሣዪልን።»

ወጣች፤ ጀርባዋን ሰጥታን ሐይቁን ከሰሌዳው አንድ ጫፍ ጀምራ መሣል ያዘች። እኔ ከምሥለው እጅግ አሰፋችው። ሰሌዳው አለቀባትና ጠመኔውን እንደያዘች ዞራ አየችኝ።