መንጋጋዬን የቆለፈው ጫት አልነበረም

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ቁርስ ላይ ነው። ዳቦው አፌ አልገባ አለ። መንጋጋዬ ጥቂት ተከፍቶ ቆመ። አያምም፤ ደርቋል።

ለዓመታት በዘጋቢነት ከሠራሁ በኋላ ከሚሴ ባለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ የጤና መኮንንነት እማር ነበር። በዕድሜ የክፍሉ ታላቅ እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት የነበረውን ቀን ጫት ስንቅም መዋላችንን የምታውቀው የክፍል ጓደኛዬ ሙና ሳቀችብኝ።

«ጋሼ ሰይድ፣ ከልጅ እኩል ስትቅም ውለህ ነዋ! ይበልህ!»

እኔም አመንኳት። በእኛ አገር የቃመ ሰው መንጋጋው ቢደርቅ ሐኪም ቤት አይሄድም።

በማግስቱ አንገቴ ተገተረ። ውኃ መዋጥ አቃተኝ። ሙና መሳቋን ተወች። ከልምምድ ክፍሉ የምላስ መጫኛ እንጨት አነሣች።

«አፋን ኬ በኒ» አለችኝ በኦሮምኛ፤ አፍህን ክፈት ማለቷ ነው። ጉሮሮ ሲነካ ጤነኛ ሰው ያቅለሸልሸዋል። የእኔን ስትነካው ግን መንጋጋዬ ሳላዝዘው ነከሰ። እንጨቱ ተሰበረ። አፌ ደማ።

«ያ ረቢ! ቴታነስ ነው። ቁስል አለብህ?»

«የለኝም» አልኩ ጥርሴን እንደነከስኩ። ጫማዬን አወለቀችው። ከሳምንት በፊት ጨፋ ሜዳ ወርጄ ወንድሜን በማሽላ አጨዳ ሳግዝ የአገዳ ጉቶ እግሬን ወግቶኝ ነበር። ላዩ ስለደረቀ ረስቼው ነበር።

ሙና አብራኝ ሆና በአምቡላንስ ወደ ደሴ ወሰዱኝ። ሾፌሩ ሳይረኑን ለቀቀው። ጀርባዬ እንደ ደጋን ተለጠጠ። አልጋውን የነኩት ተረከዜና ጭንቅላቴ ብቻ ናቸው። ትንፋሼ ቆመ።

«አጥፋው! ትገድለዋለህ!» ሙና ጮኸች። በጩኸቷ እንደገና ተለጠጥኩ።

የደሴው ሐኪም በሹክሹክታ ነበር የሚያናግረኝ። «ራስህን አትስትም። ሁሉንም እያወቅከው ነው የምታልፈው።» ቁስሉን ከፍቶ የአገዳ ስንጥር አወጣ። መርዙን የሚያከሽፍ አንቲቶክሲን፣ ጀርሙን የሚገድል ሜትሮኒዳዞልና ጡንቻ የሚያላላ ዳያዜፓም ሰጡኝ። ጉሮሮዬን በስተው የመተንፈሻ ቱቦ አስገቡ። ክፍሉን አጨለሙት። በር ሲጋጭ ተለጠጥኩ። ሰው ሲያስል ተለጠጥኩ። አከርካሪዬ ሲሰነጠቅ ሰማሁት።

ከሁሉ የከፋው አዛን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የምነሣበት ድምፅ አካሌን ያጣምመው ነበር። በልቤ ግን ቃሉን እየደገምኩ እመልስለት ነበር።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ንጋት ላይ አዛኑ ከተጀመረበት እስኪያልቅ ድረስ ጀርባዬ ፍራሹን ሳይለቅ አዳመጥኩት፤ እንባዬ ወደ ጆሮዬ ሲወርድም የሚያብሰው እጄ ታዘዘልኝ። ከዚያ ቱቦው ወጣ፤ ወንድሜ በሕፃን ማንኪያ አጥሚት እያጎረሰኝ፣ ግድግዳ እየያዝኩ ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ ግቢው መራመድ ለመድኩ።

ኮሌጅ ስመለስ ሙና መርፌ ይዛ ጠበቀችኝ።

«ታምሜ ድኜ የምን ክትባት?»

«ይኼ በሽታ ሰውነት ውስጥ መከላከያ ጥሎ አይሄድም። አላነበብክም ጋሼ?»

እውነቷን ነው። እኔም የምመክራችሁ ይህንኑ ነው፦ የቴታነስ ክትባት የእናቶች ብቻ አይደለም፤ አራሹም ከብት ነጂውም ይከተብ፤ በአንድ መርፌም አያልቅም። እሾህ ወይም ጉቶ ከወጋችሁ በሳሙና አጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ላዩ ደረቀ ብላችሁ አትተዉት። መንጋጋችሁ ከደረቀ በጫት አታሳቡ። ሾፌሩን፣ ሳይረኑን አጥፍቶ ጉድጓዱን ሁሉ እየሸሸ ስላደረሰኝ አመሰግነዋለሁ። ወንድሜንና የደሴዎቹን ሐኪሞችም እንዲሁ።

ሙናን ለማመስገን አፌን ስከፍት ሌላ የምላስ መጫኛ እንጨት አንሥታ ቀደመችኝ።

«አፋን ኬ በኒ።»

ከፈትኩ። ጉሮሮዬን ነካችው። አቅለሸለሸኝ፤ ልብሷ ላይ ሊያስመልሰኝ ምንም አልቀረው።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች።