የሰዓዳ የጁምዓ መልእክት ለምን ዘገየ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ «ዋሽቻለሁ» ብዬ ቀኖና ተቀበልኩ እንጂ ምን ብዬ እንደዋሸሁ፣ ማንን እንደዋሸሁ አልነገርኳቸውም። እዚህ ሳልሸራርፍ ልጻፈው።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ ሚኒባሶች ከሚቆሙበት አጠገብ ስልክ እጠግናለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተበላሹ ስልኮችን እየፈታሁ፣ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን እያነበብኩ ለመድኩት። ከመንገዱ ማዶ እትዬ ዘሃራ ፓፓያ ይሸጣሉ። ልጃቸው ሰዓዳ ያን ጊዜ ጅዳ በሰው ቤት ትሠራ ነበር። ስልክ የምትነካው ጁምዓ ከሰዓት፣ አሠሪዋ ዘመድ ልትጠይቅ ስትወጣ ብቻ ነው፤ መደወል ስለሚወደድባት በኢንተርኔት የድምፅ መልእክት ትልክላቸው ነበር።

እትዬ ዘሃራ ስልካቸውን ያመጡልኝ የተሰነጠቀ መስታወቱን እንድቀይር ነበር። ቀየርኩ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ የኔትወርክ ማስተካከያውን ከፈትኩ። እዚያ ውስጥ ፕሮቶኮል የሚባል ምርጫ አለ፤ ስልኩ ከኢንተርኔት ጋር በአሮጌው የአድራሻ ዓይነት፣ በአዲሱ ወይም በሁለቱም እንዲገናኝ የሚታዘዝበት ነው። በአሮጌው ላይ ነበር። እኔ ወደ «ሁለቱም» ቀየርኩት። ለምን? ስልኩ ምን ጎድሎት? ምንም። ስለ አዲሱ በዚያ ሳምንት አንብቤ ስለነበር እጄ አላርፍ ብሎኝ ነው። ኢንተርኔቱ መክፈቱን አየሁና መለስኩላቸው። ስክሪኑን አጥፍቼ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቄ፣ መልእክት ልኬ መሞከር ነበረብኝ። አልሞከርኩም።

አዲሱ የአድራሻ ዓይነት በእኛ መስመር ላይ አይሠራም ነበር። ስልኩ ስክሪኑ ሲጠፋ በማይሠራው በኩል ሲጠብቅ ይቆያል፤ የመልእክት መተግበሪያውን ሲከፍቱት ብቻ ወደ አሮጌው ይመለስና የተጠራቀመው መልእክት ባንድ ጊዜ ይንጫጫል። እትዬ ዘሃራ ግን ማንበብ ስለማይችሉ ራሳቸው አይከፍቱትም። ሲጮህ ነው የሚያነሱት።

በቀጣዩ ጁምዓ ከዙሁር ሶላት ጀምሮ ስልኩን በእጃቸው እያገላበጡ ሲጠብቁ አይቻቸዋለሁ። አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ «እትዬ ዘሃራ፣ በስሎ እንደሆነ ነው የሚደባብሱት?» አላቸው።

«አንተን ያብስልህ!» አሉት። እኔም ስቄያለሁ።

ሊመሽ ሲል ስልኩን ይዘው መጡ። «እስቲ እየው ልጄ፣ ዛሬ ድምፅም የለው።»

ስከፍተው ከስምንት ሰዓት ጀምሮ የተላኩ አምስት የድምፅ መልእክቶች ተከታትለው ገቡ። የመጀመሪያው፣ «እማ፣ ለሁለት ዓመት ውል አድሺ እያሉኝ ነው። ደክሞኛል። ነይ ካልሽኝ እመጣለሁ። እስከ አሱር ሶላት መልሽልኝ» ይላል። የመጨረሻው አጭር ነው። «እሺ እማ። ፈረምኩ።»

እትዬ ዘሃራ ስልኩን አፋቸው ላይ አስጠግተው፣ ለተቀዳው ድምፅ፣ «ነይ! ነይ እንጂ ልጄ!» አሉ። ያንኑ ቀድቼ ለሰዓዳ ላክኩላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ሆኖ ነው?»

«ኔትወርክ ነው፣ እትዬ ዘሃራ» አልኳቸው።

እዚህ በኔትወርክ የማይሳበብ ነገር የለም። አመኑኝ። መስታወቱን የማጸዳ መስዬ ምርጫውን ወደ አሮጌው መለስኩት። በሚቀጥለው ጁምዓ ስልኩ ወዲያው ጮኸ። ሁለት ፓፓያ አመጡልኝ፤ «አላህ እጅህን ይባርከው» አሉኝ። አንዱን እዚያው ቆርጬ በላሁት።

ሰዓዳ ሁለቱን ዓመት ጨርሳ መጣች። አንድ ቀን ስልኳን ልታሠራ እኔ ዘንድ ተቀምጣ ሳለ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በዚያ ጁምዓ እውነት ኔትወርክ ነበር? እማ ‹ነይ› ያለችኝ ከፈረምኩ በኋላ ነው። እንድቆይላት ፈልጋ ይሆን?»

ያኔ መናገር እችል ነበር። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ብሎኑን እየፈታሁ፣ «እንግዲህ እኔ ምን አውቃለሁ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወዲህ እናቷ ከማዶ ሲጠሯት አያለሁ፤ ቶሎ አትመልስም።

ምርጫውን መቀየሬን ስህተት ልበለው። ኔትወርክ ማለቴን ፍርሃት ልበለው። «እኔ ምን አውቃለሁ» ያልኩትንስ ምን ልበለው? ከከተማው ሰው ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሰዓዳ፣ እናትሽ በዚያ ቀን ስልኩን ከእጃቸው አላወረዱም። ድምፅሽን እንደሰሙ «ነይ» ብለውሻል፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። ይቅር በይኝ አልልሽም። እሳቸውን እመኛቸው።