ውሃው ጠቁሮ የመጣ ዕለት

ከሰል ማክሰል የጀመርሁት ከደርግ ውድቀት በኋላ፣ የደረሰችኝ ቁራጭ መሬት ገብስ አላበቅል ስትለኝ ነው። ባሕር ዛፍ ተከልሁባት። ሲደርስ እየቆረጥሁ፣ ጉድጓድ ውስጥ አፈር አልብሼ አከስላለሁ። ቦታው ከጋፋት ማዶ፣ ከወንዛችን ራስጌ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ዝናቡ ብናኙን ጠርጎ ወንዙ ውስጥ ይከተዋል። እኔም ታጥቦ ሄደ፣ አለቀ እል ነበር።

እንዳላለቀ የነገረችኝ ልጄ ናት። ያለችን እሷው ብቻ ነበረች፤ ከእሷ በፊት ሁለት ቀብረናል። እኔ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሷ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብታ የውሃ ነገር አጠናች። ለመመረቂያ ጽሑፏ የመረጠችው የአባቷን ከሰል ነው። ከወንዛችን በጠርሙስ ትቀዳለች፣ ወርዳ ወንዛችን ከሚገባበት ከርብ ትቀዳለች፣ ርብ ጣና ከሚገባበትም ትቀዳለች። ከዚያ እቤት አምጥታ ትደረድርልኛለች።

"አባዬ፣ ይኸ አሁን ከጉድጓድዎ የወጣው ነው። ጠርዙ ስለታም ነው፣ ይንሳፈፋል። ይኸ ደግሞ የርቡ ነው። ፀሐይ መታው፣ ድንጋይ ፈጨው፣ ጭቃ ተጣበቀበት፤ ከብዶ ይሰምጣል።"

"የቀረውስ?"

"ከፊሉ ይሟሟል፣ በዓይን አይታይም። በዓባይ አድርጎ ባሕር ይደርሳል። እዚያ ጨው ያለበት ውሃ ሲያገኘው ደቃቁ እርስ በርሱ ይያያዝና ታች ይረጋል። እኛ ሁላችን ካለፍን በኋላም እዚያው አለ። አንቱ ከይፋግ ገበያ አላለፉም፤ ከሰልዎ ግን ግብፅን አይቷል!"

እናቷ ከጓዳ ሆና ሳቀች። "ጥላሸቱ እንኳ ከሱ ይሻላል በያ!"

የቀራት አንድ ጠርሙስ ነበር። የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ብናኙን ጠርጎ ሲያመጣ፣ ውሃው ጠቁሮ ሳለ መቅዳት አለባት። ሰኔ ላይ ሦስት ቀን ጠበቅን፤ ውሃው ኩልል እንዳለ ነው። በአራተኛው ቀን ከሰዓት እሷ ወንዙ መሀል ካለ ድንጋይ ላይ ቆማለች፣ እኔ ከዳር ነኝ። እኛ ዘንድ ጠብታ አልጣለም፤ ራስጌው ግን ደመና ለብሶ ያጉረመርማል።

እኛ አገር ከብት የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል፤ ውሃ በድንገት መልኩን ከለወጠ ደራሽ ጎርፍ ከኋላው አለ። ዕቃህን ጥለህ ትወጣለህ። እኔም ስንቱን ሰው ጮኼ ከወንዝ አውጥቻለሁ። የዚያን ዕለት ግን ውሃው ጠቁሮ ሲመጣ ለእኔ የታየኝ ጠርሙሷ ብቻ ነው። ደስ አለኝ።

"መጣልሽ! ቅጂ፣ ቅጂ!" አልኋት።

ጎንበስ አለች።

በማግስቱ ርብ ዳር አገኟት።

ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ "ደራሽ ነው፣ ምን ይደረጋል" ይለኛል። ከሰሉን ተውሁት፤ ያልኋትን ግን ለማንም አልተናገርሁም። አርባዋ ከወጣ በኋላ እናቷ፣ ከል እንደለበሰች፣ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

"ውጪ ብለህ አልጠራሃትም?"

"ቅጂ ነው ያልኋት።"

"ሰምታህ ነበር?"

"ሰምታኝ ሳቀች።"

ሌላ አልጠየቀችኝም። አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ በወደድሁ። ምሳ ስታቀርብ ግን የእኔን ለብቻው አድርጋ ሰጠችኝ፤ እሷ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ በላች። ከአንድ ገበታ መብላት የተውነው የዚያን ዕለት ነው። ይኸው ዓመታት ሆነ። ዛሬም "ምሳህ ደርሷል" ትለኛለች፣ በቀስታ፤ ሰሃኔን ታስቀምጥልኝና ትሄዳለች።