የሚስ ቶራ የኖርዌይ ዘፈኖች

ባለፈው ሳምንት ዴንቨር ካለው ሰፈሬ ከግሪን ቫሊ ራንች ወደ ሥራ ስነዳ ሬዲዮው አንድ የኖርዌይ ዘፈን ለቀቀ። አስተዋዋቂው «ብዙም የማይሰማ ሥራ» አለ። ዘፋኟ አፏን ሳትከፍት እኔ ቃሉን ጀምሬው ነበር። ከአውራ ጎዳናው የምወጣበትን መውጫ አልፌው ሄድኩ።

ያን ዘፈን የተማርኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ዴንቨር ጎን ባለችው ኦሮራ ውስጥ፣ ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር አፓርታማ ተጋርቼ እኖር ነበር። ሥራዬ እንግልውድ የምትባል ጎረቤት ከተማ ያሉ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ መርዳት ነበር። አንድ ቦታ መርጋት አልችልም ነበር። ሲያትል ያለችው የአክስቴ ልጅ «ነይ እንጂ፣ እዚህ ይሻላል» ባለችኝ ቁጥር ልቤ ይሸፍታል።

ከምረዳቸው ሰዎች አንዷ ሚስ ቶራ ነበሩ፤ ኖርዌይ ተወልደው ያደጉ ፒያኒስት። ዕድሜያቸውን የፈጁት የአገራቸውን የተረሱ ሙዚቃዎች በመጫወት ነው። «ታዋቂውንማ ማንም ይጫወተዋል» ይላሉ። ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት የአንዲት ሴት የሙዚቃ ደራሲን ሰባት ዘፈኖች ነበር። ታትመው አያውቁም፤ በወጣትነታቸው ከአንድ አሮጌ መዝገብ በእጃቸው የገለበጧቸው ናቸው። አሁን ጣቶቻቸው መቆልመም ስለጀመሩ አንድ ጊዜ እንኳ በሰው ፊት ሊያሰሟቸው ፈለጉ፤ ዘፋኝ ግን አጡ።

አንድ ቀን አልጋ እያነጠፍኩ መዝሙር ሳንጎራጉር በሩ ላይ ቆመው አዳመጡኝ።

«ቅዳሜ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉ።

የበረዶውን ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ ስንለማመድ ከረምን። ኖርዌይኛውን በእኛ ፊደል ጻፍኩት። ሲደክመን ቡናማ አይብ በስሱ እየቆረጡ ይሰጡኛል፤ አይብ ካራሜላ ካራሜላ ሲለኝ መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። እኔ ስዘፍን እቸኩላለሁ። እሳቸው እጃቸውን ከፒያኖው ያነሡና፣ «ማን እያባረረሽ ነው?» ይሉኛል።

ኮንሰርቱ መጋቢት ውስጥ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዴንቨር በአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሊሆን ተቀጠረ። በዚያው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ሲያትል ሥራ አገኘችልኝ፤ ረቡዕ ጀምሪ ተባልኩ። ለሚስ ቶራ መንገር ፈራሁ። ስደርስ እደውልላቸዋለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩና ኮንሰርቱ ባለበት እሑድ ቀትር ላይ ሻንጣዬን ይዤ አውቶቡስ ጣቢያ ሄድኩ።

ትኬቴን ስፈልግ ከቦርሳዬ የኖታው ማኅደር ወጣ። ቃሉን ላጥና ብዬ ወስጄው ኖሯል። ሌላ ቅጂ የለውም።

ሰጥቻቸው በሚቀጥለው አውቶቡስ እሄዳለሁ ብዬ ተነሣሁ። እርጥብ በረዶ ይጥላል። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ቤተ ክርስቲያኑ ስደርስ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሚስ ቶራ ፒያኖው ፊት ናቸው። ማኅደሩን ሳቀብላቸው ሻንጣውን አዩት።

«ልትሄጂ ነው?»

«አዎ።»

«ሳትነግሪኝ?»

ኖታውን ዘረጉና ወደ ሰዉ ዞሩ። «ዘፋኝ የለንም። ዜማውንም እኔው እጫወተዋለሁ» አሉ።

መግቢያውን አሳምረው ተጫወቱት። ዜማው ሲመጣ ግን ጣታቸው ሳተ። መልሰው ሞከሩ፤ እንደገና ሳተ። ፊት ወንበር ላይ ያለች ሴት አንገቷን ደፋች። ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ገባሁበት።

ሰባቱንም ዘፈንኩ። አንድ ስንኝ ጠፍቶብኝ ቃል ፈጠርኩ። ሲያልቅ አንድ ኖርዌጂያዊ ሽማግሌ መጡና፣ «ኖርዌይኛሽ ያስፈራል። ግን እነዚህን ዘፈኖች ሰምቻቸው አላውቅም፤ የት ይገኛሉ?» አሉ። ሚስ ቶራ ማኅደሩን ከፒያኖው አንሥተው አሳዩዋቸው። ያን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት እንደኖሩ ያኔ ገባኝ።

ኋላ ኖታውን ያሳተሙት እኚያ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ሲያትል አልሄድኩም። በማግስቱ ይቅርታ ስጠይቅ ሚስ ቶራ፣ «መሄድ ነውር የለውም፤ ነውሩ ሳይሰናበቱ መሄድ ነው» አሉኝ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲያርፉ አጠገባቸው ነበርኩ።

ባለፈው ሳምንት መንገድ ዳር ፓርክ አድርጌ ዘፋኟ እስክትጨርስ ቁጭ አልኩ። ኖርዌይኛዋ ከእኔ በጣም ይሻላል። ያን እሑድ ተሳፍሬ ብሄድ ማንም አይፈርድብኝም ነበር፤ ወጣት ነበርኩ፣ እንጀራም ፍለጋ ነው። ግን የኖርዌይ ዘፈን በመጣ ቁጥር ሬዲዮ የምዘጋ ሴት እሆን ነበር።