በግንቡና በመኪናዋ መካከል

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ የአንድ ባልደረባዬ ቻርጀር ግሎ ፕላስቲኩ መቅለጥ ጀመረ። ጭስ እንኳ አልነበረም፤ የመጣው ሽታው ብቻ ነው። ሌሎቹ መስኮት ከፈቱ፣ ተሳሳቁ፣ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔ ወንበሬን በሁለት እጄ ይዤ፣ ቀኝ እግሬን ወለሉ ላይ አጥብቄ ተጭኜ ቀረሁ። ፍሬን እየረገጥኩ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ያኔ አስራ ስምንት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ቤቴል፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በሚገባ ቁልቁለት ላይ ነው። አባቴ በአንዲት አሮጌ መኪና የሰፈር ልጆችን ትምህርት ቤት ያመላልስ ነበር። መኪናዋ በዕድሜ ትበልጠኛለች። የእጅ ፍሬኗ ከተበጠሰ ስለቆየ፣ አባቴ ሲያቆማት ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ከፊት ጎማዋ ሥር ድንጋይ ያደርግ ነበር። ቁልቁለቱ በቁልፍ እምቢ ስትል በግፊ ለማስነሳት ነው። ማርሹ እንዳትንሸራተት። ቤታችን ውስጥ መኪናዋ ቆመች የሚባለው ማርሽ ሲገባ ብቻ ነበር። መንዳት ሲያስተምረኝም ከሁሉ አስቀድሞ የነገረኝ ይህንኑ ነው። "ዜሮ ላይ ያለች መኪና የማንም አይደለችም" ይለኝ ነበር፤ ዜሮ ማለቱ ማርሽ ሳይገባባት ማለት ነው።

ጎረቤቶቻችን ጠዋት ጠዋት መግፋት ለምደው ነበር። ባለሱቁ ከኋላ ትከሻውን ሰጥቶ እየገፋ፣ "ጋሼ፣ ይቺን ሳሎን ያስገቧት፤ ጥሩ ሶፋ ይወጣታል!" ይላል። አባቴ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ "አንተ ግፋ ብቻ፤ ሶፋው ላይ ቦታ ይያዝልሃል" ይለዋል። ሞተሩ አንድ ሁለቴ አስሎ ይነሳል፤ ልጆቹ ይጮሃሉ፤ ቀኑ ይጀምራል።

በዚያ ሳምንት ግን ነገሩ ተለወጠ። ቁልፉ ሲዞር አንዴ "ጠቅ" ብላ ዝም ማለት ጀመረች። ደጋግሞ ሲሞክር ደግሞ ከኮፈኑ ሥር የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። አባቴ ባትሪው ነው ብሎ ባትሪ ለወጠ። ያው ጠቅ፣ ያው ሽታ። ያን ሳምንት በሙሉ የማስበው ከኋላ ተጠጋግተው ስለሚቀመጡት ልጆች ነበር። አንድ ቀን መንገድ ላይ በእሳት ትያያዛለች፣ በሮቹ ደግሞ ከውስጥ አይከፈቱም እያልኩ እፈራ ነበር። ለአባቴ አልነገርኩትም። እሱ ራሱ መፍራቱን ያወቅኩት ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ብቻውን ወጥቶ ኮፈኑን ሲያሸት ስላየሁት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በግፊም እምቢ አለች። ገፊዎቹ እስከ ታች ድረስ ሸኟት፤ ቁልቁለቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ የጎረቤታችን የድንጋይ ግንብ ጋ ስትደርስ አባቴ ፍሬን ያዘ። በአፍንጫዋና በግንቡ መካከል የቀረው አንድ ትልቅ እርምጃ ነበር። ማርሽ አስገባ፣ ድንጋዩን አደረገ፣ ሰው ልኮ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪውን አስጠራ።

ሠሪው ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ካቻቢቴውን ከደረት ኪሱ የማያወጣ የሰፈራችን ሰው ነው። እኔን መሪው ጋ አስቀመጠኝ።

"መብራቱን አብሪና ቁልፉን አዙሪ።"

ጠቅ።

"ጋሼ፣ ግንቡ ላይ ያለው ብርሃን ደከመ?"

"ኧረ ንቅንቅ አላለም" አለ አባቴ።

"እንግዲያው ባትሪው ደህና ሆኖ ሳለ ነው የተለወጠው። ማን ለውጡ አልዎት?"

"አንተ ስትጠፋብኝ ምን ላድርግ!"

ሠሪው ከጎን አጎንብሶ የሞተሪኖዋን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴው አገናኘ። ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖው ነው፤ ብሎኖቹ ከተገናኙ ቁልፍ እንኳ አያስፈልገውም። ብልጭታ ዘለለ፤ ሌላ ምንም የለም።

"ሞታለች በቃ" አለ አባቴ።

"ቆይ እስቲ፣ ሳናያት አንቅበራት።"

ሽታው እንደገና መጣ። ሠሪው አፍንጫውን ተከትሎ እጁን ሰደደ፤ የነዳጅ ፔዳሉን ከሞተሩ የሚያገናኘውን ቀጭን ገመድ ነካና "እፍ!" ብሎ ጣቱን ወደ አፉ ወሰደ። ከዚያ ሳቀ።

"አገኘኋት! ኤሌክትሪኩ ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚመለስበት ወፍራም ሽቦ ተበጥሷል። መንገድ ሲያጣ በዚች ቀጭን ገመድ ልለፍ ይላል። እሷ ደግሞ አትችለውም፣ ትቃጠላለች። ሞተሪኖዋ ምንም አልሆነችም።"

ይህን ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ዛሬም ቃል በቃል ልጽፈው እችላለሁ። ያኔ ግን ጆሮዬ ውስጥ የቀረው አባቴ ያለው ነው፤ ሞታለች ያለው።

የኮፈኑ መደገፊያ ስለተሰበረ አባቴ በግንቡና በመኪናዋ መካከል ገብቶ ኮፈኑን በእጁ ወደ ላይ ያዘ። ሠሪው አዲስ ወፍራም ሽቦ አሰረ። እኔ ከመሪው በስተጀርባ የሚታየኝ የተከፈተው ኮፈንና ጠርዙን የያዙት አራት የአባቴ ጣቶች ብቻ ነበሩ።

"ቁልፉን ዝጊ። ዜሮ አድርጊ" አለ ሠሪው።

ዜሮ አደረግኩ። መኪናዋ ተነቃነቀች። ከጎማው ሥር ድንጋዩ ሲንሸራተት ድምፁ ተሰማኝ፤ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ወደ ፊት፣ ወደ አባቴ ሄደች። ፍሬኑን ረገጥኩ። የቤታችንን ሕግ ፈጸምኩ፤ አንደኛ ማርሽ አስገባሁና ቀስ ብዬ እግሬን አነሳሁ። አልሄደችም።

"ሆነ?"

"ሆነ" አልኩ። መፍራቴን ለመናገር አፈርኩ። ደግሞ በሞተች ሞተሪኖ ማርሽ ቢገባ ምን ይመጣል ብዬ አሰብኩ።

ሠሪው ካቻቢቴውን ነካ።

መኪናዋ ዘለለች። ጣቶቹ ጠፉ፤ ኮፈኑ ወረደ። ኮፈኑ ሲወርድ አባቴን አየሁት። ሁለት መዳፉን ኮፈኑ ላይ ዘርግቶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ከጉልበቱ በታች ከግንቡ ጋር ተጣብቆ ነበር። አልጮኸም። በፊት መስተዋቱ በኩል ዓይን ለዓይን ተያየን። ድምፁ ቀጭን ሆኖ፣ "ምንም አትንኪ፣ የኔ ልጅ። ፍሬኑን ብቻ" አለኝ። እግሬ ፍሬኑን ለማግኘት የፈጀበት ጊዜ ስንት እንደነበር አላውቅም። በጋዜጠኝነት ሥራዬ ብዙ ነገር በሰከንድ ለክቼ ጽፌያለሁ፤ ያንን ግን መለካት አልችልም።

እናቴ ከላይ "በኢየሱስ ስም! ኧረ ሰው!" እያለች ስትወርድ፣ የባለሱቁ ሚስት "እመብርሃን!" እያለች ተከተለቻት። ጠዋት የገፉት ወንዶች ሁሉ ተመልሰው መጡ፤ በዚህ ጊዜ ከፊት ሆነው ወደ ኋላ ሊገፉ። ሠሪው በመስኮቴ በኩል ማርሹን አየ። "እኔ ስል ፍሪሲዮኑን ትረግጫለሽ፤ ፍሬኑን ያኔ ትለቂያለሽ። ቀድመሽ ብትለቂ እሱ ላይ ነው የምትሄደው" አለኝ። እግሬ እንዳይስት ግራ ጉልበቴን በእጄ ተጫንኩት።

"ያዛችሁ?"

"ይዘናል!"

"አሁን!"

ረገጥኩ፣ ለቀቅኩ። ለአንዲት ቅጽበት መኪናዋ የማንም አልነበረችም። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደች፤ አባቴ ግንቡን ተደግፎ ተንሸራትቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሱሪው በደም ርሶ ነበር። ሠሪው አጠገቡ ተንበርክኮ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሼ፤ እጄን ሰድጄ ማርሹን ሳላረጋግጥ ነካሁ" እያለ ያለቅስ ነበር። እኔ ከመኪናው ወርጄ ቆሜያለሁ። አፌን ከፈትኩ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝና ቀደመኝ።

"የማንም ጥፋት አይደለም። የዚች ማርሽ አርጅቷል። ዜሮ የገባ ይመስላል እንጂ አይወጣም። ልጅቷ ያልካትን አድርጋለች።"

አፌን ዘጋሁ። ማርሹ እንደሚወጣ እኔም እሱም እናውቃለን።

የግራ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ሁለት ወር በጀሶ ተኛ። ሁለቱን ወር ሠሪው ልጆቹን አመላለሰ፤ ሳይጠየቅ፣ ጋራዡን አርፍዶ እየከፈተ። መኪናዋ በቁልፍ፣ በመጀመሪያው ሙከራ ትነሳ ነበር። እኔ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሆኜ ድምፁን ስሰማ አባቴ ከአልጋው፣ "ሰማሽ? እንደ ሙሽራ ነው የምትነሳው" ይለኛል። ከዚያ ቀና ብሎ ያየኛል። እኔ የሻይ ኩባያውን ይዤ እወጣለሁ።

እያነከሰ ኖረ። ዝናብ ሊመጣ ሲል እግሩን ያሸዋል፤ ለምን እንደሚያሽ ሁለታችንም አንነጋገርም። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ጎልምሼ፣ ሥራ ይዤ፣ የሌሎች ሰዎችን እውነት ፍለጋ አገር አቋርጬ ተመለስኩ።

አምና አረፈ። በሦስተኛው ቀን ሠሪውን በሐዘኑ ድንኳን ደጃፍ አግዳሚ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። ፀጉሩ ሸብቷል። አጠገቡ ተቀመጥኩና ሳልዘጋጅ ወጣኝ።

"ጋሼ፣ ያን ቀን ማርሹን መልሼ ያስገባሁት እኔ ነበርኩ። ስትንሸራተት ፈርቼ። አባዬ ላይ እንዳትሄድ።"

ወደ እኔ አልዞረም። "ሁለት ወር ነዳኋት እኮ" አለ። "ማርሿ ምንም አልነበረባትም።"

"ታዲያ ለአባዬ አልነገሩትም?"

"ነገርኳቸው እንጂ። በሁለተኛው ሳምንት። 'አውቃለሁ፣ እንዳታነሳባት፤ ሲቀልላት ራሷ ትነግረኛለች' አሉኝ።"

ድንኳኑ ውስጥ መዝሙር ተጀመረ። ድምፄ እንዲሰማ ጠጋ አልኩ።

"ከዚያ በኋላስ አንስቶት ያውቃል?"

ሠሪው ወደ እኔ ዞረ።

"አምና ታመው ከመተኛታቸው በፊት፣ ጋራዥ መጥተው ነበር። 'ነገረችህ እንዴ?' አሉኝ። አልነገረችኝም ስላቸው፣ 'ለእኔም ገና ናት' አሉ።"